ጥብጣቡን ስናስር ቂሙን እንፍታ
ስለ ልደት ዛፍ ጌጥ የቀረበ አስተንትኖ



የጌታችንና የመድኃኒታችን የኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል ሲቃረብ በየቤታችንና በየቁምስናው አዳራሽ ከሚታዩት ዝግጅቶች አንዱ የልደት ዛፍ ማቆምና ማስጌጥ ነው። አንዱ የጽድ ቅርንጫፍ ቆርጦ አፈር በተሞላ ጣሳ ይተክላል፤ ሌላው ከዓመት ዓመት በካርቶን የሚቀመጠውን ሰው ሠራሽ ዛፍ አውጥቶ አቧራውን ያራግፋል። ከዚያም ልጆች ተሰብስበው ጥጡን እንደ በረዶ ይበትናሉ፤ መብራቱን ይዘረጋሉ፤ በመጨረሻም ብዙዎቻችን ሪባን የምንለውን ቀይና ወርቃማ ጥብጣብ ከጫፍ እስከ ሥር ይጠመጥማሉ፤ በየቅርንጫፉም ጫፍ የቢራቢሮ ክንፍ የመሰለ ቋጠሮ ያስራሉ። ሥራው ደስ ያሰኛል። ይሁን እንጂ ክርስቲያን በእጁ የሚሠራውን በልቡም ሊያውቀው ይገባልና፣ በዚህ ጽሑፍ ስለዚሁ ጥብጣብና ስለ ቋጠሮው አብረን ልናስተነትን ወደድን።

ዛፉና ጌጡ ከወዴት መጡ?

ስለ ልደት ዛፍ ከምእመናን ዘንድ ሁለት ጥያቄዎች ደጋግመው ይነሣሉ። የመጀመሪያው «ይህ የፈረንጅ ልማድ አይደለምን?» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ልማዱ የተወለደው በሀገራችን አይደለም። በመካከለኛው ዘመን በጀርመን አገሮች የአዳምና የሔዋን መታሰቢያ በልደት ዋዜማ፣ ማለትም ዲሴምበር 24 ቀን ይከበር ነበር። የገነትን ታሪክ በትርኢት ለሕዝቡ ሲያሳዩም በብርድ ወራት ቅጠሉ የማይረግፍ ዛፍ አቁመው ፖም ያንጠለጥሉበት ነበር። ከጊዜ በኋላ በራይን ወንዝ አጠገብ በሚገኘው በአልዛስ ምድር ዛፉ ወደ መኖሪያ ቤት ገባ። እ.ኤ.አ. በ1605 ዓ.ም. ስለ ስትራስቡርግ ከተማ የተጻፈ ማስታወሻ እንደሚገልጸው፣ ሰዎች በልደት ጊዜ ዛፉን በየሳሎናቸው አቁመው ከልዩ ልዩ ቀለም ወረቀት የተቆረጡ ጽጌረዳዎች፣ ፖም፣ ስስ ቂጣ፣ የሚያብለጨልጭ ወርቃማ ቅጠልና ስኳር ይሰቅሉበት ነበር። ፖሙ የአዳምን ውድቀት፣ ስሱ ቂጣ ቅዱስ ቁርባንን፣ ጽጌረዳው ከእሴይ ግንድ የወጣውን ቁጥቋጥ (ኢሳ. 11፡1) ያመለክታል ተብሎ ይተረጎማል። ዛሬ በየቅርንጫፉ የምናስረው የጥብጣብ ቋጠሮ የእነዚያ የወረቀት ጽጌረዳዎች ታናሽ ወንድም ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

ታዲያ አንድ ልማድ ከውጭ ስለ መጣ ብቻ አይናቅም፤ ከውጭ ስለ መጣ ብቻም አይከበርም። ነቢዩ ኢሳይያስ ስለ አዲሲቱ ኢየሩሳሌም ሲናገር የሊባኖስ ዛፎች ከሩቅ መጥተው የእግዚአብሔርን መቅደስ እንደሚያስጌጡ ተናግሯል (ኢሳ. 60፡13)። የአሕዛብ ዛፍ ለጌታ ክብር ሊቆም የሚችል ከሆነ የሌላ ሕዝብ ልማድም ትርጉሙ ከጠራ ለእርሱ ክብር ሊውል ይችላል።

ሁለተኛው ጥያቄ የከበደ ነው። ጎረቤቶቻችን መጽሐፍ ቅዱስ ገልጠው፣ ነቢዩ ኤርምያስ ከዱር ዛፍ ቆርጠው በብርና በወርቅ የሚያስጌጡትን ሰዎች ወቅሷል ይሉናል (ኤር. 10፡3-4)። መምህራን ለዚህ ጥያቄ መልስ ሊኖራቸው ይገባል። ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ያነበበ ሰው እንደሚረዳው ነቢዩ የሚናገረው እንጨት ጠርበው ምስል ስላቆሙና እርሱን እንደ አምላክ ስለ ፈሩት ሰዎች ነው። በልደት ዛፍ ፊት የሚሰግድ፣ ከእርሱም በረከት የሚለምን ክርስቲያን የለም። ይሁን እንጂ የነቢዩ ቃል ለእኛም ማስጠንቀቂያ አለው። ለዛፉ ጌጥ ስንጨነቅ ሰንብተን የተወለደውን ጌታ ከረሳን፣ ባንሰግድለትም ዛፉ የጌታን ስፍራ ወስዷል ማለት ነው።

ቤተ ክርስቲያን ዛፍ ማቆምን በማንም ላይ ግዴታ አላደረገችም። ዛፍ የሌለው ቤት ከልደት ጸጋ አንዳች አይጎድልበትም። ከዛፉ ይልቅ የቀደመ ክብር ያለው ቅዱስ ፍራንቸስኮስ ዘአሲዚ እ.ኤ.አ. በ1223 ዓ.ም. በግሬቾ ያዘጋጀው ዓይነት ግርግም ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1982 ዓ.ም. በቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ ዛፉና ግርግሙ ጎን ለጎን እንዲቆሙ ማድረጋቸው አንዱ ሌላውን እንዲያስረዳ ነው ብለን ልንረዳው እንችላለን። ቅድስት መንበር እ.ኤ.አ. በ2001 ዓ.ም. ስለ ሕዝባዊ መንፈሳዊነት ባወጣችው መመሪያም የልደት ዛፍ በገነት የነበረውን የሕይወት ዛፍና የመስቀሉን ዛፍ እንደሚያስታውስ ተገልጿል። ከዚህም ጋር በዛፉ ሥር ከሚቀመጡት ስጦታዎች መካከል ለድሆች የሚሆን እንዲኖር ታዟል፤ ምክንያቱም ድሆች የእያንዳንዱ ክርስቲያን ቤተሰብ አባላት ናቸው።

ሁለት ቀይ ክሮች

አሁን ወደ ጥብጣቡ እንመለስ። ቅዱስ ማቴዎስ ወንጌሉን የሚጀምረው በጌታችን የትውልድ ሐረግ ነው። በልደት ሰሞን ይህ ምዕራፍ ሲነበብ ብዙዎቻችን የስሞቹን ርዝመት እየቆጠርን እናሳልፈዋለን። ሆኖም ከእነዚህ ስሞች ኋላ ሁለት ቀይ ክሮች አሉ፤ ሁለቱንም በብሉይ ኪዳን እናገኛቸዋለን።

የመጀመሪያው ክር የታሰረው በሕፃን እጅ ነው። ትዕማር መንታ ልትወልድ በተቃረበች ጊዜ አንደኛው ሕፃን እጁን ስላወጣ፣ አዋላጂቱ በኩሩ ይህ ነው ብላ ቀይ ክር አሰረችለት። እርሱ ግን እጁን መለሰ፤ ወንድሙም ቀድሞ ወጣ (ዘፍ. 38፡27-30)። ክር የታሰረለት ዛራ ተባለ፤ ክር ያልታሰረለት ፋሬስ። የጌታችን የትውልድ ሐረግ የወረደው ግን ክር በሌለው በፋሬስ በኩል ነው (ማቴ. 1፡3)። ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው፦ ሰው ያሰረው ምልክት ብቻውን ማንንም በኩር አያደርግም። ያማረ ጥብጣብ ያለበት ቤት በእግዚአብሔር ፊት ጥብጣብ ከሌለው ቤት አይበልጥም።

ሁለተኛው ክር የታሰረው በመስኮት ላይ ነው። በኢያሪኮ ትኖር የነበረችው ረዓብ የእስራኤልን መልእክተኞች ከሞት በሸሸገቻቸው ጊዜ እነርሱም ቤቷን እንደሚያድኑላት ማሉላት። ምልክቱ በመስኮቷ የምታስረው ቀይ ፈትል እንዲሆን ተስማሙ (ኢያ. 2፡18-21)። ይህች ሴት ቅዱስ ማቴዎስ ራኬብ ብሎ የሚጠራት የቦዔዝ እናት ናት (ማቴ. 1፡5)። ሕዝቧ ያልሆነውን አምላክ አምና በመስኮቷ ጥብጣብ ያሰረች ሴት ከጌታችን አያቶች መካከል ተቆጠረች።

እዚህ ላይ ልብ ልንል የሚገባን አንድ ነገር አለ። መልእክተኞቹ ለረዓብ የሰጧት ትእዛዝ ክሩን እንድታስር ብቻ አልነበረም። አባቷን፣ እናቷን፣ ወንድሞቿንና የአባቷን ቤተ ሰብ ሁሉ ወደ ቤቷ እንድትሰበስብ አዝዘዋታል። ከቤቱ ደጃፍ ወጥቶ የተገኘ ሰው ክሩ አያድነውም። ቀዩ ፈትል የሚያድነው በውስጥ የተሰበሰቡትን ነበርና ረዓብ ክሩን ከማሰሯ ጋር ወገኖቿን መጥራት ነበረባት።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ በዚህ ዓመት ቀዩን ጥብጣብ በዛፋችን ላይ ስናስር ይህን ጥያቄ ራሳችንን እንጠይቅ፦ ከቤታችን ውጭ የቀረ ማን ነው?

የመጀመሪያው የልደት ጥብጣብ

ቅዱስ ሉቃስ እመቤታችን ማርያም የበኩር ልጇን ወልዳ በጨርቅ እንደ ጠቀለለችውና በግርግም እንዳስተኛችው ይነግረናል። መልአኩም ለእረኞቹ የሰጣቸው ምልክት ይኸው ነበር፦ በጨርቅ የተጠቀለለ ሕፃን (ሉቃ. 2፡7፣ 12)። የመጀመሪያው የልደት ጥብጣብ እንግዲህ ይህ ነው። እናቶቻችን ያውቁታል፤ አዲስ የተወለደ ሕፃን እጅና እግሩ እንዳይበርደው፣ ደንግጦም እንዳይነቃ በለስላሳ ነጠላ ይጠቀለላል። ሰማይና ምድርን የዘረጋ አምላክ እጁን ለመታሰር ሰጠ። እኛ እንቅፋት በሞላበት ዓለም ታስረን ስለ ነበርን እርሱ በእናቱ እጅ መታሰርን ወደደ።

ወንጌልን እስከ መጨረሻ ስናነብ ጌታችን ዳግመኛ በጨርቅ ሲጠቀለል እናየዋለን። ዮሴፍ ዘአርማትያስና ኒቆዲሞስ ቅዱስ ሥጋውን ከመስቀል አውርደው ከሽቱ ጋር በበፍታ ገነዙት (ዮሐ. 19፡38-40)። በሦስተኛው ቀን ግን ጴጥሮስና ዮሐንስ ወደ መቃብሩ ሮጠው በደረሱ ጊዜ ያገኙት የተፈታውን ጨርቅ ብቻ ነበር (ዮሐ. 20፡3-7)። በቤተልሔም የታሰረው በኢየሩሳሌም ተፈታ፤ ታስሮም እኛን ፈታን። በልደት ዛፍ ላይ የሚታሰር ጥብጣብ ሁሉ ትርጉሙን የሚያገኘው ከእነዚህ ከሁለቱ ጨርቆች ነው።

ይህ ትምህርት ለሀገራችን ክርስቲያኖች እንግዳ አይደለም። በጥምቀት በአንገት የሚታሰረው ማዕተብ ቀጭን ክር ነው፤ የሰውን እምነት ግን የምንገልጠው በእርሱ ነው። የሚታመነውን ሰው «ማተብ ያለው ነው» እንላለን፤ ቃሉን ያፈረሰውን ደግሞ «ማተቡን የበጠሰ» እንለዋለን። ክሩ ትንሽ ቢሆንም ኪዳኑ ትልቅ ነው። ከውጭ የመጣውን የልደት ጥብጣብ በራሳችን ቋንቋ ማንበብ ብንፈልግ በማዕተባችን ልናነበው እንችላለን።

በአንድ እጅ ሁለት ቋጠሮ

ቋንቋችን ሌላም የሚያስተምረን ነገር አለ። ጥብጣብ እንቋጥራለን እንላለን፤ ቂምም እንቋጥራለን እንላለን። ቃሉ አንድ ነው። በአንድ እጅ ጥብጣብ እየቋጠሩ በልብ ቂም መቋጠር ይቻላል፤ አንዳንድ ጊዜም ይህ በየቤታችን ይደረጋል።

ነገሩ በሩቅ ያለ አይደለም። ከአንድ ማኅፀን የወጡ ወንድማማቾች ወላጆቻቸው በተዉላቸው ቤት ምክንያት ተጣልተው፣ ስንት ልደትና ስንት ፋሲካ ሳይጠያየቁ ያልፋሉ። ልጆቻቸው በአንድ የትምህርተ ክርስቶስ ክፍል ጎን ለጎን ተቀምጠው ይማራሉ፤ አባቶቻቸው ግን አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ በር ከቤተ ክርስቲያን ይወጣሉ። አማትና ምራት በአንድ ግቢ እየኖሩ በሰው በኩል ይላላካሉ። በመዘምራን መካከል ማን ይምራ በሚል የተነሣ ቅያሜ ዓመት ይሻገራል። በእንደዚህ ያለ ቤትና ቁምስና የቆመ ዛፍ ምንም ቢያበራ ጥብጣቡ እውነት አይናገርም።

አባቶቻችን «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ያሉት በዚህ ምክንያት ነው። ሳል የያዘው ሌባ እንደሚጋለጥ ሁሉ ቂም የያዘ ጸሎተኛም በእግዚአብሔር ፊት የተሰወረ አይደለም። ጌታችንም መባ ይዞ ወደ መሠዊያ የቀረበ ሰው ወንድሙ የሚቀየምበት ነገር እንዳለ ባሰበ ጊዜ መባውን በዚያው ትቶ አስቀድሞ እንዲታረቅ አዝዟል (ማቴ. 5፡23-24)። መሠዊያው እንኳ ዕርቁን የሚጠብቅ ከሆነ የጽድ ቅርንጫፍማ እንዴት አይጠብቅ!

ደግሞም ቋጠሮ እንዴት እንደሚፈታ ሁላችን እናውቃለን። የጠበቀን ገመድ ሁለት ሰዎች ወዲያና ወዲህ ቢጎትቱት ይብስ ይጠብቃል። የሚፈታው አንዱ ገመዱን ለቀቅ ሲያደርግለት ነው። የወንድማማች ጠብም እንዲሁ ነው፤ «እርሱ ይጀምር፣ እርሷ ትጀምር» እየተባለ በተጎተተ ቁጥር ይጠብቃል። በዛፉ ላይ የምናስረው የጥብጣብ ቋጠሮ ግን ሌላ ጠባይ አለው፤ አምሮ ይቆማል፤ አንዱ ጫፉ ቀስ ብሎ ሲሳብ ደግሞ ያለ ችግር ይፈታል። ሰው ነንና ቅያሜ ከመካከላችን አይጠፋ ይሆናል። ቢመጣ ግን በጥርስም የማይፈታ ቋጠሮ አይሁን። ቅዱስ ጳውሎስ በቍጣችን ላይ ፀሐይ እንዳይገባ መክሮናል (ኤፌ. 4፡26)፤ እኛ ደግሞ ሌላው ቢቀር ልደት አይለፍበት እንበል።

ለዚህም ብቻችንን አልተተውንም። ጌታችን ለቤተ ክርስቲያኑ የማሰርና የመፍታት ሥልጣን ሰጥቷታል (ማቴ. 18፡18)። ካህኑ በተናዛዡ ላይ የሚደግመውን የሥርየት ጸሎት ፍትሐት ብለን መጥራታችን ከዚህ የተነሣ ነው፤ ፍትሐት ማለት መፍታት ነውና። ከበዓሉ በፊት ወደ ምሥጢረ ንስሐ የቀረበ ሰው ራሱ ተፈትቶ ሌላውን ለመፍታት ኃይል ያገኛል። ነገሩ በሁለቱ መካከል ብቻ ሊያልቅ ካልቻለም የሀገራችን ሽማግሌዎች አሉ። ሽማግሌ ልኮ ዕርቅ መጠየቅ ውርደት አይደለም፤ ከሁሉ አስቀድሞ ወደ በደለው ሰው የመጣው እግዚአብሔር ራሱ ነውና። ልደትም ማለት ይህ ነው። ከሁለቱ ወገን ያልበደለው ቀድሞ መጣ።

በእርግጥ ዕርቅ በደልን ሐሰት አያደርገውም። የተወሰደ ርስት ካለ ይመለሳል፤ የተጎዳ ካለ ይካሳል። ያለ እውነት የተደረገ ዕርቅ ከላይ ብቻ የታሰረ ጥብጣብ ነው፤ ነፋስ ይወስደዋል።

ስለ ወጪና ስለ ድሀው ጎረቤት

በጥቂት ቃል ስለ ወጪም እንናገር። የልደት ዛፍ በጎረቤት መካከል የፉክክር ምክንያት ሊሆን አይገባውም። ልጁን «የእኛ ዛፍ ለምን ትንሽ ሆነ?» ሲል የሚሰማ አባት ልቡ ያዝናል። ያለው ቤተሰብ ጌጡን ቀንሶ የተረፈውን ለሌለው ቢያካፍል ዛፉ ይበልጥ ያምራል። ጥብጣብ የግድ ከሱቅ መገዛት የለበትም፤ ከልብስ ሰፊ ዘንድ የተረፈ ቀይ ቁራጭ ጨርቅ፣ ወይም ለልጆች ጠጉር ማሰሪያ የነበረ ሪባን ታጥቦ ይበቃል። ለጋ ጽድ ከሥሩ መቁረጥም ከተፈጥሮ ጌታ ጋር አያስማማም፤ ከቆመ ዛፍ የተገረዘ አንድ ቅርንጫፍ በቂ ነው።

ከእኛ ርቀው ያሉትንም እናስብ። በዓረብ አገሮች በሰው ቤት እየሠሩ ቤተሰባቸውን የሚረዱ ብዙ ልጆች አሉን፤ በአንዳንድ ስፍራ በዓሉን በግልጥ ለማክበር እንኳ ዕድል የላቸውም። በስማቸው አንድ ጥብጣብ ይታሰርላቸው፤ ሲታሰርም የቤቱ ሰው ሁሉ አንድ ጊዜ አቡነ ዘበሰማያት ይድገምላቸው።

ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን

በየቁምስናው ከሕፃናትና ከወጣቶች ጋር ዛፉን የምታዘጋጁ መምህራን ሥራውን ሁሉ በአንድ ቀን ከምትጨርሱት ይልቅ ለትምህርት እንዲመች ብትከፋፍሉት መልካም ነው። በግዕዝ ሥርዓት የምንጠቀም በሦስቱ እሑዶች፣ በስብከት፣ በብርሃንና በኖላዊ እንዲሁም በልደት ዋዜማ፤ በላቲን ሥርዓት የሚመሩ ደግሞ በአራቱ የምጽአት ዘመን እሑዶች ሊከተሉት ይችላሉ።

1ኛ. በመጀመሪያው እሑድ ቅርንጫፉ ያለ ጌጥ ይቁም፤ የዘፍጥረት 2፡9 ንባብ ይነበብ። ልጆቹ ዛፉ ባዶ ለምን እንደ ሆነ ይጠይቁ። ሰው ከሕይወት ዛፍ እንደ ራቀ ይነገራቸው።

2ኛ. በሁለተኛው እሑድ የረዓብ ታሪክ ይነበብና እያንዳንዱ ልጅ ቀይ ጥብጣብ ይሰጠው። ወዲያው አይሰሩት፤ ወደ ቤት ወስደው ያቆዩት። በሳምንቱ ውስጥ የተቀየሙትን አንድ ሰው እንዲያነጋግሩ ወይም የራቀ ዘመድ እንዲጠይቁ ይመከሩ። ምን እንዳደረጉ በጉባኤ መካከል አይጠየቁ፤ ይህ የልባቸው ጉዳይ ነው።

3ኛ. በሦስተኛው እሑድ ጥብጣቡን ይዘው ይምጡና ሁለት ሁለት ሆነው ይሰሩ። ቋጠሮ ሲታሰር አንዱ መካከሉን በጣቱ ይጫናል፤ ሌላው ጫፎቹን ይስባል። ፍቅር የፍጻሜ ማሰሪያ መሆኑንና (ቆላ. 3፡14) አንድ ሰው ብቻውን ሊያስረው እንደማይችል ልጆቹ በእጃቸው ይማሩታል።

4ኛ. በዋዜማው፣ በላቲን ሥርዓትም በአራተኛው እሑድ፣ ግርግሙ በዛፉ ሥር ይዘጋጅ፤ የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ይነበብ። ልጆቹ ለድሆች ያመጡትን እህል፣ ልብስ ወይም ደብተር በግርግሙ አጠገብ ያኑሩ። በማግሥቱ ስጦታው ለሚገባቸው ይድረስ፤ ሲሰጥም የተቀባዩ ክብር ይጠበቅ።

የተወደዳችሁ፤ በዓሉ ካለፈ በኋላ ዛፉ ይፈርሳል፤ ቅርንጫፉ ይደርቃል፤ ጥብጣቡም ተጠቅልሎ በካርቶን ይቀመጣል። በዚያን ቀን በቤታችን የሚቀር ነገር ሊኖር ይገባል። ያልነበረ ሰላምታ ተጀምሮ እንደ ሆነ፣ ተዘግቶ የኖረ በር ተከፍቶ እንደ ሆነ፣ የራቀ ወንድም በማዕዳችን ተቀምጦ እንደ ሆነ ጥብጣቡ ሥራውን ሠርቷል። እርሱን ማንም ከዛፍ ላይ አያወርደውም።

በእናቱ እጅ በጨርቅ መጠቀለልን የወደደ ጌታ የተቋጠረውን ቂማችንን ይፍታልን፤ የላላውን ፍቅራችንን ያጥብቅልን፤ ከቤታችን ውጭ የቀሩትን ሁሉ ይሰብስብልን። የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት ከሁላችን ጋር ይሁን። አሜን።